ለእንግዳ የሚከፈት ክፍል

መጀመሪያ የሚሰማው ቁልፉ ነው። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ከዚያ የጫማው ተረከዝ ኮሪደሩን ሲመታ ይሰማል፤ ከዚያ ደግሞ ንግግር ሊጀምር ሲል የምትቀድመው ያቺ ደረቅ ሳል። ርእሰ መምህሩ ሣህሉ ለዓይን ከመድረሱ በፊት ትምህርት ቤቱ በሙሉ በጆሮው ያውቀዋል። ልጆች ዝም ይላሉ፣ ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩ መምህራን ጠመኔ ያነሳሉ። እትዬ ሸዋረገጥ ብቻ እንደተቀመጡ ይቀመጣሉ።

«በግ ቃጭል የሚታሰርለት እንዳይጠፋ ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ይሄ ቢጠፋ ማን ሊፈልገው ነው?»

እትዬ ሸዋረገጥ ሰው በመናቅ የታወቁ ሴት ናቸው። እንዲህ ብሎ የሚያማቸው ቢገኝ እሳቸው ራሳቸው ያርሙታል፤ «አልናቅሁም፣ በልኩ ነው ያየሁት» ብለው። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ከመንዝ ጅማ የገቡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ጅሬን ኮረብታ ሥር ተወልደው፣ በአማርኛ እየጸለዩ በኦሮምኛ የሚከራከሩ የአገሬው ሰው ሆነዋል። በቾ ቦሬ ቀበሌ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት፣ በአማርኛው ክፍል፣ አንደኛ ክፍልን ሲያስተምሩ አርጅተዋል። ባለሱቁን፣ የባጃጁን ሾፌር፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር አፍንጫው ሲዝረበረብ ያውቁታል። አፍንጫውን የጠረጉለት ሰው አድጎ ከረባት ሲያስር ማየት አይሆንላቸውም። መንገድ ላይ ሰላም ያላቸውን ሁሉ «እንዴት ነህ አንተ ቀልቃላ?» ይሉታል። ሰዉ ንቀት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ስም እየጠፋቸው ነው፤ ይህንን የሚያውቁት እሳቸውና እግዜር ብቻ ናቸው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ያ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ነበር። አምና ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት መጥቶ ቀለም ቀባው፤ ምንጣፍ አነጠፈበት፤ ባለቀለም የፊደል ካርድና ትንንሽ ሰማያዊ ወንበሮች አስገባበት። በሩ ላይ «የንባብ ድጋፍ ክፍል» ተብሎ ተጻፈ፤ ማንበብ ለሚቸገሩ ልጆች መሆኑ ተነገረ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ገና ወደ ዋናው መንገድ ሳይወጡ ሣህሉ ቆለፈው።

«ልጆች ከገቡበት ይቆሽሻላ!» አለ፣ ሲጠየቅ። «እንግዳ ሲመጣ ምን ልናሳይ ነው?»

«ለእንግዳ ነው እንዴ የተሰጠን?» አሉ እትዬ ሸዋረገጥ።

«እትዬ፣ ንብረት ነው። በኃላፊነት የተረከብኩት ንብረት።»

«እኔ ደግሞ ልጅ ነው የተረከብኩት። ልቆልፍበት?»

ሣህሉ ሳለ። መልስ ሲያጣ ይስላል።

ስለ ክፍሉ ለተሰጠው ሥልጠና እትዬ ሸዋረገጥ የተላኩት ማንም ስላልፈለገው ነው። ሥልጠና ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ሲሆን መምህሩ ሁሉ እኔ እኔ ይላል። ይሄኛው ግን እዚሁ ጅማ፣ ጣሪያው በሚያፈስ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ሻዩም ስኳር አልነካውም። እሳቸው ኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡና አሠልጣኙን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ ለኩት። ጢሙ ገና በቅጡ ያልገጠመ ልጅ ነው። «ዲስሌክሲያ» አለ። «ስንፍና አይደለም። ልጁ ብልህ ሆኖ ሳለ ፊደሉንና ድምፁን ማገናኘት ነው የሚከብደው።»

እትዬ ሸዋረገጥ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው መምህርት ፋንቱ ዘንበል አሉ። «ስንፍናም ክርስትና ተነሣች፤ ስም ወጣላት» አሉ። ፋንቱ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች።

ልጁ አሠልጣኝ ግን ቀጠለ። «እንዲህ ዓይነቱ ልጅ መደበቅ ያውቃል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲያነብ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። ብቻውን አስነሱትና እዩት።»

እትዬ ሸዋረገጥ ሻያቸውን አስቀመጡ። ትዝ ያለቻቸው ሩፈይዳ ናት።

ሩፈይዳ የጃንጥላ ነጋዴው የአብዱልፈታሕ ልጅ ናት። አንደኛ ክፍል እሳቸው ዘንድ ስትማር የፊደሉን ዜማ እንደሷ የሚያስነካው አልነበረም። ሀ ሁ ሂ ሲባል ድምፅዋ ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ይሰማል። ብቻዋን ሰሌዳው ፊት ስትቆም ግን አፏ እንደተሰፋ ከረጢት ይሆናል። «እንጨት!» ብለው አስቀምጠዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ወደ ክፍል ተገፍታ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ፣ እዚያ ወድቃ፣ አሁን እየደገመች ነው። የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ሊዮል፣ ጸጉሩን ከጎንና ከጎን የሚላጨው፣ «እትዬ፣ እሷ ልጅ ሜሞሪዋ ፉል ነው፤ ምንም አይገባም» ይላል። ያው ልጅ ግን ቁርአን ቤት ስትሄድ ኡስታዙ አንዴ ያነበበላትን ሳታዛንፍ ትመልሳለች። ሙሉ ነው የተባለው ያ ጭንቅላት እዚያ ከየት ቦታ እንደሚያገኝ ሊዮል ጠይቆ አያውቅም። ሊዮል መጠየቅ የሚያውቀው የዋይፋይ ቁልፍ ብቻ ነው።

በማግስቱ እትዬ ሸዋረገጥ በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ዋንዛው ሥር አስቀመጧትና መሬቱ ላይ በጣታቸው አንድ ፊደል ጻፉ።

«ይቺ ማን ናት?»

ሩፈይዳ ትኩር ብላ አየቻት። «አውቃታለሁ።»

«ማን ናት ታዲያ?»

«አውቃታለሁ እኮ እትዬ። ግን ስሟ ጠፋኝ። ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲልዎት፣ መልኩን አውቀውት ስሙ እንደሚጠፋዎት።»

እትዬ ሸዋረገጥ ፊታቸው ተለዋወጠ። ማን ነገራት? ማንም አልነገራትም። «ሂጂ፣ ቀልቃላ!» አሉና መልሰው ጠሯት። «ነይ። ነይ ተቀመጪ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሳቸው ማስተማር አይሉትም፤ «ስም ማስታወስ» ነው የሚሉት። ከአዌቱ ወንዝ ዳር ደቃቅ አሸዋ ቋጥረው አመጡ፣ በወንፊት ነፉት፣ ከቤታቸው ባመጡት የቆርቆሮ ትሪ ላይ አነጠፉት። ሩፈይዳ የፊደሉን ድምፅ እየጠራች አሸዋው ላይ በጣቷ ትጽፋለች፤ ታጠፋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትጽፋለች። የሚመሳሰሉትን ፊደላት በአንድ ቀን አያገናኙባትም። «ጠበኞች ናቸው፣ ይራራቁ» አሉ። ከጫማ ካርቶን ላይ ትንሽ መስኮት ቀደዱና ገጹ ላይ አስደግፈው፣ አንድ ቃል ብቻ ብቅ እንዲል አደረጉ፤ ሌላው ቃል እየተጋፋ እንዳይረብሻት። ልጅቷም የራሷን መላ ጨመረች።

«እትዬ፣ ይቺ ‹ሉ› እጇን ወደ ጎን ዘርግታለች አይደል? ለማኝ ናት። ስጡኝ እያለች ነው።»

«‹ሊ›ስ?»

«እሷ እግሯን ነው የዘረጋችው። ደክሟታል፣ ማሎ፣ እዘኑላት!»

ይህ ሁሉ የሚሆነው በረንዳው ላይ ነው። ባለቀለሙ ክፍል እዚያው ከጀርባቸው ተቆልፎ። ሩፈይዳ ሲደክማት በመስኮቱ ታጮልቅና «እትዬ፣ ሰማያዊው ወንበር ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?» ትላለች።

«አቧራ» ይሏታል።

በመጨረሻ እትዬ ሸዋረገጥ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። «ለድርጅቱ ልደውል ነው። ‹ያመጣችሁት ቁልፍ ማንበብ ለመደ ወይስ ገና ነው?› ብዬ ልጠይቅልህ» አሉት። ሣህሉ ሳለና ተነሣ። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ተከፈተ፤ ጫማ ውጭ ይወልቃል፣ ካርዶቹ በእጅ አይነኩም፣ እሱም ቁልፉን እየቆጠረ በሩ ላይ ይቆማል። እንደዚያም ሆኖ ሩፈይዳና እንደሷ የሚቸገሩ ጥቂት ልጆች ገቡ። ሩፈይዳ ሰማያዊውን ወንበር መረጠች። የተቀመጠችው እንደ ሙሽራ ነው።

አንድ ጠዋት አብዱልፈታሕ መጣ። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ጃንጥላና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጥ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሰው ሲያመሰግነው የሚያፍር ሰው ነው።

«አሰላሙ... ይቅርታ፣ እንደምን አደሩ እትዬ። ልጄን ላሰናብት ነው የመጣሁት።»

«ወዴት?»

«ሊሙ ገነት። እህቴ ዘይቡ እዚያ ናት። የቡና ለቀማው እየመጣ ነው፣ ትረዳታለች። እዚህማ የሰው መሳቂያ ሆነች። ያ መምህሯ ሲያስነሣት ልጆቹ ገና ሳትናገር ይስቃሉ አሉ። ወላሂ እትዬ፣ ቁርአን ላይ ማሻአላህ ናት። ፊደል ላይ ስትደርስ ግን እንጨት!»

«እንጨት» የምትለዋን ቃል የት እንደተማራት እትዬ ሸዋረገጥ አልጠፋቸውም። አብዱልፈታሕም በልጅነቱ አንደኛ ክፍልን እሳቸው ዘንድ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ዛሬም ወረቀት ሲሰጡት «መነጽሬን ረሳሁ» ይላል፤ መነጽር አድርጎ ያየው ሰው ግን ጅማ ውስጥ የለም። የሚልከው መልእክት ሁሉ በድምፅ ነው።

«የድርጅቱ እንግዶች የሚመጡበት ቀን አለ» አሉት። «ያን ቀን ና። አንተ ፊት ታነባለች።»

«ካላነበበችስ?»

«ካላነበበች ሊሙ ላካት። እኔም ዝም እላለሁ።»

«እርስዎ? ዝም?» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ። «እሺ፣ ኢንሻአላህ። ካነበበች ትቀራለች። ቃሌ ነው።»

እትዬ ሸዋረገጥ ያን ዕለት ካርቶን ቆርጠው በራሳቸው እጅ ጻፉላት። «አባ ጃንጥላ ይሸጣል። ዝናብ ሲመጣ አባ ይስቃል።» ሩፈይዳ በዚያችው የጫማ ካርቶን መስኮት አንድ አንድ ቃል እያስገባች፣ ከንፈሯን እየነከሰች፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች ሄደችበት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ በአንድ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች፤ ያነበበችው ነገር ነው ያሳቃት። በቃል ሸምዳጅ እንዲህ አይስቅም። እትዬ ሸዋረገጥ ይህን ያውቃሉ። «ምን ያስገለፍጥሻል?» ብለው ተቆጧት፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ላይ ቁልፉ ቅጭል ቅጭል እያለ በረንዳው ላይ ደረሰ።

«እትዬ፣ ነገ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት አብራርና ጓደኞቹ ናቸው» አለ ሣህሉ።

«አብራር? የክፍሉ አንደኛ?»

«ታዲያ እንግዳ ፊት ማንበብ የማይችል ልጅ ላስቀምጥ? ሊያዋርደን?»

«ክፍሉ የተሠራው ለማን ነው አንተ ሰውዬ?»

«ለውጥ ካላሳየን እርዳታው ይቆማል፤ እርስዎ አሠራሩን አያውቁትም።»

«ለውጥ ማለት አንዱን ልጅ አንስቶ ሌላውን መጎለት ነው?»

ሣህሉ ሳለ።

«ሩፈይዳስ? አባቷ ነገ ሊሰማት ይመጣል። ካላነበበች ከትምህርት ቤት ሊያስወጣት ነው፤ ነግሬሃለሁ።»

«እሷ አበባ ትሰጣለች። በሩ ላይ። ቆንጆ ልጅ አይደለች? ፎቶ ላይ ታምራለች» አለና ክፍሉን ቆልፎ ሄደ። ስለ አባ የተጻፈላት ካርቶንም እዚያው ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ዝናብ ነበር። እንግዶቹ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሰው፣ የታሸገ ውኃ ጨብጠው፣ ጅማን ሲያዩ «ዋው፣ አረንጓዴ!» እያሉ ወረዱ። ጅማ አረንጓዴ መሆኗን አዲስ አበቤ በየጊዜው እንደ አዲስ ያገኘዋል። አለቃቸው ናርዲ የምትባል፣ ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ የጠራ ሴት ናት። ከበሩ ላይ ሩፈይዳ የጨበጠችውን አበባ ተቀበለችና ጉንጯን ነካ አድርጋ አለፈች። ሊዮል በስልኩ እየቀረጸ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሄድ ቦይ ውስጥ ገባ። የዚያን ቀን ያለ ልምምድ የተሠራ ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ክፍሉ ውስጥ አብራር ሰማያዊው ወንበር ላይ ተሰይሟል። ሣህሉ ጠዋት መክሮታል፤ «መጀመሪያ ትንሽ ተንተባተብ። ከዚያ ቀስ እያልክ አንብብ። እንዲያሳዝን።»

«እኔ? ልንተባተብ?» ብሎ ነበር አብራር፣ ስድብ እንደሰማ ሰው።

አልተንተባተበም። ከዚያ ሞት ይሻለዋል። መጽሐፉን ሲሰጡት ገጹን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ጭብጨባው ሲመጣለት ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን አነበበ። ቀጥሎ የእንግዶቹን ሰደርያ ጀርባ። ቀጥሎ የናርዲን የውኃ ጠርሙስ፣ ከነማብቂያ ቀኑ። ናርዲ ዓይኗን ጠረገች። «ይሄ ልጅ... ማንበብ የማይችል ነበር?»

«ፊደል አይለይም ነበር» አለ ሣህሉ፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። አብራር አፈጠጠበት።

አብዱልፈታሕ የጁምዓ ኮቱን ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል። ሰማያዊው ወንበር ላይ የሌላ ሰው ልጅ አየ። ግራ ቀኝ ፈለገ፤ የሱ የለችም። እትዬ ሸዋረገጥ ያን ጊዜ ተነሡ።

«እነዚህ ልጆች የእኔ አይደሉም» አሉ። «ድሮም ያነባሉ። እኔ ያስተማርኳቸው ውጭ አበባ አስጨብጠዋቸው ዝናብ እየደበደባቸው ነው። አምጧቸውና ስሟቸው።»

የሣህሉ ሳል እንኳ ጠፋች። ከዚያ ናርዲ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አያችሁ? ‹እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው› እንኳ አላሉም! እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል?»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። እትዬ ሸዋረገጥ በዕድሜያቸው ብዙ ተሰድበዋል፤ ትሑት ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። አንደበታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳቸው። ምላስ ለሚሰማ ነው የሚሠራው፤ ለነዚህ ምን ይደረጋል?

ወደ ኋላ ሲዞሩ የአብዱልፈታሕ ወንበር ባዶ ነው። ተከትለውት ወጡ። በሩ አጠገብ ሩፈይዳ አባቷን ኮቱን ይዛዋለች፤ የሻሿ ጫፍ ውኃ ያንጠባጥባል።

«አባ፣ ላንብብልህ? ወላሂ እችላለሁ።»

«አንብቢያ።»

«ካርቶኔ ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። ቆልፈውበት ነበር፣ አሁን ደግሞ አትግቢ አሉኝ።»

አብዱልፈታሕ አያት። ወረቀቱ የለም፣ መነጽሩ የለም፣ ዛሬ አይመችም፤ ይህችን ሰበብ ከማንም በላይ ያውቃታል። ዕድሜውን ሙሉ የኖረባት ሰበብ ናት። ዛሬ ከልጁ አፍ ስትወጣ ሰማት።

«አብዱልፈታሕ፣ እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ሸዋረገጥ። «ና ነገ፣ ቤትህም ቢሆን...»

«እትዬ፣ ይብቃዎት። ወንበሯን እንኳ ለሰው ሰጡባት። እዚያ መሐል ቁጭ ብዬ ለሌላ ሰው ልጅ ሲጨበጨብ አየሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊሙ ትሄዳለች።» ልጁን በእጇ ያዛት። ዝናቡ ይወርዳል፤ አባ አልሳቀም።

ምሳ ላይ ናርዲ ንግግር አደረገች። በየትም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ፈጣን ውጤት አላየንም አለች። ልጆቹ እዚህ ደረጃ ከደረሱ ክፍሉ እዚህ ሥራውን ጨርሷል፤ ስለዚህ ዕቃው ተነሥቶ ገና ላልጀመሩት፣ አጋሮ ላለ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ሣህሉ የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

«ገና ነው!» አለ። «ገና ናቸው፣ ማንበብ የማይችሉ አሉን!»

«የትኞቹ?»

«እነዚያ... አበባ የሰጧችሁ።»

ናርዲ ሳቀች። «አይ አቶ ሣህሉ! እርስዎም እንደ እትዬ ትሑት ሆኑብኝ?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ብትሰማ በሣህሉ ትስቅበት ነበር። እትዬ ሸዋረገጥ ግን አልሳቁም። የወደቀው የሱ አልነበረም።

ዓርብ ረፋድ ላይ የድርጅቱ ፒክአፕ ግቢ ገባ። ሰማዩ ጠቁሯል። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ሰማያዊዎቹ ወንበሮች እግራቸውን ሽቅብ አድርገው ተጫኑ። ሣህሉ የሚቆልፈው ሳይኖር ቁልፉን በእጁ እያቃጨለ ቆሟል። አንደኛ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ፊደሉን ያዜማሉ፤ እትዬ ሸዋረገጥ በመስኮቱ ያያሉ። ሩፈይዳ ከረቡዕ ወዲህ አልመጣችም። ጁምዓ ሊሰገድ ጥቂት ነው የቀረው፤ የሊሙ መኪና ከዚያ በኋላ አይቆይም።

ጫኞቹ በረንዳው ላይ የነበረውን የቆርቆሮ ትሪ ከነአሸዋው አንሥተው ፒክአፑ ላይ ወረወሩት።

እትዬ ሸዋረገጥ ጠመኔውን አስቀመጡ። ወጡ። ልጆቹ ማዜማቸውን አላቆሙም። ወደ ፒክአፑ ሄደው ትሪውን አወረዱ፤ አሸዋው ግማሹ ፈስሷል፣ የቀረውን በመዳፋቸው ሰበሰቡ። ከዚያ ካርዶቹ የታጨቁበትን ሳጥን ከፈቱና ያን በእጃቸው የጻፉትን ካርቶን እስኪያገኙ በረበሩ። ነጠላቸው ሥር ከተቱት።

ቁልፉ ቅጭል እያለ ደረሰ። «እትዬ! እሱ እኮ የድርጅቱ ንብረት ነው! ተመዝግቧል!»

ትሪውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው መራመድ ጀመሩ።

«እትዬ ሸዋረገጥ! ክፍለ ጊዜ አለብዎት እኮ! ልጆቹን ለማን ትተው ነው? ምን ልበል እኔ ሰው ቢጠይቀኝ?»

ሊዮል ስልኩን ከፍ አደረገ። «እትዬ፣ ሰላም ነው? የት ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን ለሁለቱም የሚሆን ቃል አይጠፋቸውም ነበር። ዛሬ ዞረውም አላዩዋቸው። ሳል ተሰማ፤ ከሳል በኋላ ምንም አልመጣም።

በሩ ላይ ጥበቃው ሳዲቅ የራሱን ጃንጥላ ዘረጋላቸው። «እትዬ፣ መጣ እኮ ዝናቡ። አሸዋው ይረጥብብዎታል። ይውሰዱት፣ ይመልሱታል።»

እትዬ ሸዋረገጥ ትሪውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። ቤታቸው ሽቅብ፣ ወደ ጅሬን ነው። እሳቸው ግን ቁልቁል፣ ወደ ሂርማታ፣ ወደ ጃንጥላው ሱቅ የሚወስደውን መንገድ ያዙ።